ሣር የያዘችው ሚዳቋ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዞው ጎሹን ሲውጥ ሉባባ ይመር ቁርሷን እየበላች ነበር። ጎሹ ከመስተዋቱ ላይ እንደ እንፋሎት ተነነና ወደ ካርታው ተመለሰ። ሉባባም በአንድ እጇ ፓስቲዋን እንደያዘች የአዞውን ኃይል ከዘጠኝ ወደ ስምንት ቀነሰች።

ሥራዋ ይኸው ነው። በአርባ ምንጭ የካርታ ጨዋታ ቤት ሚዛን ጠባቂ ናት፤ አንዱ አውሬ ሌላውን ሁሉ እንዳያንበረክክ ቁጥር ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። ካርታው የሚቀመጠው «አንሺ» በሚሉት የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ነው። አንሺው ሥዕሉን ከብርሃንና ከሙቅ አየር ሠርቶ ያቆመዋል፤ አውሬው ሲተነፍስ እጅ ላይ ይሰማል።

ያስጨነቃት ግን አዞው ሳይሆን ሚዳቋዋ ናት። ኃይሏ አንድ፣ ጽናቷ ሁለት፤ ከመቶ ሃያው ካርታ እንደ እሷ ደካማ የለም። በሰዓት አርባ ሺህ ጨዋታ ከራሱ ጋር የሚጫወተው መሞከሪያ ማሽን፣ «ፈታሹ»፣ ከአሥር ዘጠኙን ትሸነፋለች ይላል። አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ሲጫወቱባት ደግሞ ከአሥር ስምንቱን ታሸንፋለች።

የቤቱ ኃላፊ አቶ መርዕድ በሩ ላይ ቆሙ።

«ውድድሩ ነገ ነው። ኃይሏን ቀንሺ።»

«አንድ እኮ ነው! ከአንድ በታች ምን አለ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እስከ ስድስት ሰዓት ካላስተካከልሽ እሷም ትሰረዛለች፣ አንቺም ዕቃሽን ትሸክፊያለሽ።»

ሉባባ ከደሴ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ለዚህ ሥራ ሦስት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ፈራች። የፈታሹን ስሌት ከላይ እስከ ታች በረበረችው፤ እንከን አልነበረውም። ግራ ሲገባት ወደ አዳራሹ ወረደች። መጀመሪያ መውረድ ነበረባት፤ ግን የተማረ ሰው ምንጊዜም ከማሽኑ ይጀምራል።

ጋሽ ዳልጋ፣ ጡረታ የወጡት የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪ፣ ከአንዲት ነርስ ጋር እየተጫወቱ ነው። የእሳቸው አዞ ከነርሷ ሚዳቋ ፊት ቆሟል፤ እሷን ለመጣል አንድ ምት ብቻ ቀርቶታል። ሚዳቋዋ የፊት እግሮቿን አጥፋ ተንበረከከች። አፏ ላይ እርጥብ ሣር ይዛለች።

«ተራዬን አለፍኩ» አሉ ጋሽ ዳልጋ።

ሚዳቋዋ አንድ ጊዜ ነከሰች። እንደገና አለፉ፤ እንደገና ነከሰች። በስምንተኛው ዙር ያ ሁሉ አዞ ተነነ።

«ጋሽ ዳልጋ፣ በአንድ ምት ያልቅ ነበር እኮ! ለምን አልመቷትም?»

«ሣር ይዛ?» ነውር የጠየቀቻቸው ያህል ደነገጡ። «በእኛ በጋሞዎች ዘንድ እርጥብ ሣር ይዞ በተንበረከከ ፊት እጅ አይነሣም። ደመኛ እንኳ ጦሩን ይጥላል።»

«ብርሃን እኮ ናት!»

«እሷ ብርሃን ናት። እኔ ግን አይደለሁም፣ ልጄ።»

ሉባባ አፈረች። አዲስ አበባ ያለው ሠዓሊ ሚዳቋዋን የሣላት ስትግጥ ነው፤ እሷም ሣሩን ሺህ ጊዜ አይታ ቁርስ ነው ብላ አልፋዋለች። አሁን በአንድ ጣት ማጥፋት ትችላለች።

«ሣሩን ባጠፋውስ?»

«ያን ጊዜ እመታታለኋ» አሉ በቀላሉ። «እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሣር ይዛ ትነክሳለች! ሣር ይዞ የመጣ መሣሪያ አይዝም። ይሄ ማታለል ነው።»

ሉባባ እየሳቀች ደረጃውን ሮጣ ወጣች። ሣሩን አልነካችውም፤ የሚዳቋዋን ኃይል ከአንድ ወደ ዜሮ አወረደችው። ከሥሩም አዲስ ሕግ ጻፈች፦ ሚዳቋዋ ተንበርክካ ማንም ሳይመታት ሦስት ዙር ካለፈ ጨዋታው በእርቅ ያበቃል፤ አሸናፊም ተሸናፊም የለም።

ፈታሹ ወዲያው መለሰ፦ «ይህ ካርታ ማሸነፍ አይችልም። ማንም አይመርጠውም። ይሰረዝ።»

አቶ መርዕድ ተመልሰው መጥተው ሰዓታቸውን አዩ፤ ስድስት ሊሆን አምስት ደቂቃ። «እስከ ነገ ትቆይ» አሉ። «ነገ ማንም ካልመረጣት ግን የተባባልነው ይፈጸማል።»

በማግስቱ ተጫዋቾቹ ለውድድሩ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ካርታ ሲመርጡ ሉባባ ዝርዝሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከሦስት መቶው ሰው ሁለት መቶ ሰማንያ አንዱ ሚዳቋዋን ወሰደ። አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ አላወጧትም፤ ይዘዋት ብቻ ተጫወቱ። ጋሽ ዳልጋም ከካርታቸው ሁሉ ሥር አድርገዋታል።

«ካላሸነፈች ምን ታደርግልዎታለች?»

«ነገር ሲከር ትኑር ብዬ ነው» አሉ፣ አዞአቸውን እያወጡ።

አመሻሹ ላይ አቶ መርዕድ ዝርዝሩን አይተው ፈረሙ። ፈታሹ ግን አንድ ጥያቄ ልኮ ነበር፦ «ካርታው የተመረጠበት ምክንያት አልተገኘም። ይሙሉ።» ሉባባ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ትንሽ አሰበች። ከዚያም ቦታውን ባዶውን ትታ፣ የራሷን አሥራ ሁለት ካርታ ልትመርጥ ወደ አዳራሹ ወረደች።