የኢዶሳ ያልሆነው መስመር

ኢዶሳ ሞቶ የተገኘው በጥቅምት 1981 በአንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ነቀምቴ ውስጥ በመሠራት ላይ ካለው የስብሰባ አዳራሽ የእንጨት ርብራብ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የወለጋን ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በቀለም ሲነድፍ የኖረ ሰው ነው።

ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አንድ ንድፍ ተዘርግቶ ተገኘ። ባለፈው ክረምት ተደርምሶ ሦስት ሰው የገደለው የጉቴ እህል መጋዘን ንድፍ ነበር። ቀኑ 1979 ይላል፤ ከግርጌው የኢዶሳ ፊርማ አለ፤ ግድግዳው መሆን ከሚገባው በግማሽ የቀጠነ ነው። ለዚያ አደጋ ታፋ የተባለ ግንበኛ በአሻጥር ተከሶ ታስሯል፤ ፍርዱ ሞት ሊሆን እንደሚችል የማያውቅ አልነበረም። እናም ከተማው ኢዶሳ በጸጸት ራሱን ወረወረ ብሎ ደመደመ።

መርማሪው መቶ አለቃ ማዘንጊያ ግን መጀመሪያ ያየው የሟቹን እጅ ነው። የተጨበጠውን ቀኝ መዳፍ ሲፈለቅቀው ጫፉ ላይ የጨርቅ ቅዳጅ የቀረበት የናስ ቀለበት አገኘ። ለማንም ሳይናገር ኪሱ ከተተው።

ቢሮው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ኢንጂነር መርጋ የኢዶሳ የልጅነት ጓደኛና የሠርጉ ሚዜ ነው። ዓይኑ በልቅሶ አብጦ፣ ጓደኛው ከመጋዘኑ መደርመስ ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር ተናገረ። ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው ተረፋ ስለ ሞቱ የማውቀው የለኝም አለ፤ ማክሰኞ ምን ዕቃ ወጥቶ እንደተመለሰ ሲጠየቅ ግን መዝገቡን ሳይከፍት በቃሉ መልስ ሰጠ። ሦስተኛዋ ኢዶሳ ያስተማራት ንድፍ ሠራተኛ ወርቂቱ ናት።

«ይህን ኦቦ ኢዶሳ አልሠራውም» አለች ንድፉን ገና እንዳየችው።

«ፊርማው የእሱ አይደለም?»

«ፊርማው የእሱ ነው። መስመሩ ግን አይደለም።»

ሴክሽን የሚባለው ንድፍ ሕንፃው በቢላ ለሁለት ቢከፈል የሚታየውን እንደሚያሳይ አስረዳችው። ቢላው የቆረጠው ግድግዳ በወፍራም መስመር ይሠራል፤ ከኋላ ርቆ የሚታየው በቀጭኑ። እዚህ ላይ ግን የተቆረጠው ግድግዳም፣ የሩቁ መስኮትም፣ መሬቱም አንድ ውፍረት ነበራቸው።

«እንዲህ ያለውን እኔ ሠርቼ ባመጣለት ቀዶ ይጥለው ነበር» አለች።

ማዘንጊያ ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፎ በአጉሊ መነጽር መረመረው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ደወለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንና የሟቹን ሚስት ሎሚን ንድፍ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሰው በእጁ ሲነድፍ ይሳሳታል፤ በምላጭም ይፍቃል» ብሎ ጀመረ። «እዚህ ላይ አንድ ፍቀት የለም። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። የሠራው አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ኮምፒዩተር ነው፤ ማሽኑም እዚያ የገባው አምና ነው። ታዲያ 1979 የሚል ቀን ከየት መጣ?»

ጣቱን ከወረቀቱ ግርጌ አሳረፈ።

«የክፈፉ መስመር የፊርማውን ጭራ ረግጦት አልፏል። ስለዚህ ፊርማው ቀድሟል። ኢዶሳ የፈረመው ባዶ ወረቀት ላይ ነው። ወርቂቱ፣ ለማን ነበር እንዲህ የሚፈርመው?»

ወርቂቱ አንገቷን ደፋች። ኢንጂነር መርጋ አምና መጋዘኑ እንደተደረመሰ አዲስ አበባ ለሦስት ወር ሥልጠና ሲሄድ፣ ሥራ እንዳይጓተት ብሎ ወረቀቶች አስፈርሞ እንደወሰደ ተናገረች። የመጀመሪያውን ንድፍ ለልምምድ ገልብጣው ኖሮ ቅጂውን ከቤቷ አምጥታ ነበር። ግድግዳው እጥፍ ነው፤ መስመሩም ወፍራም።

«ታፋ እንደነገረኝ ግድግዳውን በቃል ትእዛዝ ያቀጠንከው አንተ ነህ፤ መጋዘኑ ለአብዮት በዓል እንዲመረቅ» አለ ማዘንጊያ ወደ መርጋ ዞሮ። «ኢዶሳ ሐሙስ ፍርድ ቤት ቀርቦ ለታፋ ሊመሰክር ነበር። ከሚስቱ ሌላ ይህን የነገረው ለአንተ ብቻ ነው።»

«ማስረጃ የለዎትም» አለ መርጋ።

ማዘንጊያ የናሱን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የጨርቅ ሜትር ጫፍ እንደሆነና ከሟቹ መዳፍ እንዳወጣው ነገራቸው። ራሱን ሊገድል የወጣ ሰው ግድግዳ አይለካም፤ ረጅም ሜትርም አንድ ሰው ብቻውን አይዘረጋውም። ማክሰኞ ማምሻውን ጫፉ የተበጠሰ ሜትር ለግምጃ ቤቱ የመለሰው መርጋ እንደሆነ ተረፋ ደግሞ አረጋገጠ።

መርጋ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ዝም እንዲል ሁለት ቀን ለምኖት እንደነበር፣ ኢዶሳ ግን የታፋ ልጆች ትዝ እያሉት እምቢ እንዳለው፣ እሱም ለልኬት ብሎ ርብራቡ ላይ አውጥቶ እንደገፋው በተሰበረ ድምፅ ተናገረ።

ሎሚ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«ሁለት ቀን አጠገቤ ተቀምጠህ አለቀስክ» አለችው። «ውሃ በእጅህ አጠጣኸኝ። ሲወድቅ ጠራህ?»

«ጠራኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ኦቦሌሳ ኮ።»

ወንድሜ ማለት ነው። ሎሚ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ታፋ በሳምንቱ ተፈታ። ሎሚ ግን ያን ዕለት በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኞች ከፊት ያለውን የመርጋን ወንበር ባዶ ትተው ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌ መርጋ የት እንደቀረ ጠየቋት። ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከዚያም ወንበሩን አንስታ ከድንኳኑ ውጭ አስቀመጠችው።