ቀትር ላይ የተጋበዘው

ወንድይፍራው ዋና አይችልም። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጉልበቱ ከፍ ያለ ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ልጁ ሕሊና ግን ውሃ ካየች አትያዝም። እናቷ አስካለ ካረፈች ወዲህ ያቺ ለፍላፊ ልጅ ዝም ብላ ነው የከረመችው፤ ስለዚህ አንድ ማታ «አባዬ፣ ሰው የማይደርስበት ውሃ ውሰደኝ» ስትለው የትና ለምን ሳይል እሺ አላት። አስካለ በመጨረሻዋ ቀን እጁን ይዛ «ልጄን አደራ» ብላዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወንድይፍራው ሥራም፣ ጭንቀትም፣ ጸሎትም አንድ ነው፤ ሕሊናን ከሄደችበት ሁሉ በሰላም ወደ ቤቷ መመለስ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሮጌዋን ቮልስ መንገዱ ያለቀበት ግራር ሥር አቆሙና ቁልቁል ወደ ሐይቁ የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዙ። ገና ከመጀመራቸው አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ከጥላው ተነስቶ ምሳ ዕቃውን አየው።

«ጌታው፣ ምሳዎን እዚሁ ጨርሰው ይውረዱ። ታች በቀትር አይበላም።»

«ምነው፣ ዝንጀሮ ያስቸግራል እንዴ?»

«ኧረ ዝንጀሮም አይወርድ» አለ ሽማግሌው።

ወንድይፍራው በልቡ ሳቀ። ሰውዬው ርቦት፣ ለመለመን አፍሮ በዘወርዋራ የሚናገር መሰለውና ሁለት ዳቦ አውጥቶ ሰጠው። ሽማግሌው መርቆ ተቀበለ፤ ዳቦውን ግን አልቀመሰም፤ ውሃው ወደማይታይበት ወደ ግራሩ ጀርባ ይዞት ሄደ።

ዳርቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠጠር ነው። ደለል የለው፣ ቄጤማ የለው፣ ወፍ እንኳ የማያርፍበት፣ እንቁላል እንቁላል የሚያህል ሰማያዊ ቢጤ ድንጋይ ብቻ እየተንከባለለ ውሃው ውስጥ የሚገባበት፣ ውሃውም ጥቂት እርምጃ ያህል እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ከዚያ ወዲያ በድንገት ጥቁር የሚሆንበት ቦታ ነው። እግር ባነሱ ቁጥር ጠጠሩ ይንኮሻኮሻል፤ ድመት እንኳ ሳትሰማ አታልፍበትም። የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አለው፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ከርሞ እንደተከፈተ እንስራ ያለ፣ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ ሌላ ሽታ አለ። ሕሊና ዙሪያውን አየችና በዓመቷ ሳቀች። ወንድይፍራው ያንን ሳቅ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረና፣ ሽታውንም ሽማግሌውንም ረሳ።

መነጽሯን አጠለቀች፤ የመተንፈሻ ቱቦዋን ነከሰች።

«ከዚያ ትልቁ ድንጋይ እንዳታልፊ።»

ቱቦውን ከአፏ አወጣችና «እሺ አባዬ፣ አታስብ» አለችው። ከዚያ በደረቷ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ ታች ደፍታ ሄደች።

ኮቱን አጥፎ ጠጠሩ ላይ አነጠፈና ተቀመጠበት። ነፋስ የለም፤ ማዕበል የለም። የሚሰማው በቱቦው የሚወጣው የልጁ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ ይላል፣ እሱም ሳያውቀው አብሮ ይተነፍሳል። ከውሃው በላይ ጀርባዋና የቱቦው ጫፍ ይታያሉ። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ የሰውነቱ ጥላ ከሥሩ ሲሰበሰብ ራበው። ጠበቃት፣ ጠበቃት፤ ሆዱ አላስችል አለውና እጁን ታጥቦ ፍርፍሩን ከፈተ።

አንድ ጎርሶ ነበር። ከኋላው ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። የሰው እርምጃ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ ከውሃው በኩል ዞሮ ወደ እሱ የሚመጣ። ወንድይፍራው ዓይኑ ልጁ ላይ ስለነበር ዞር አላለም፤ እናቱ ከልጅነቱ እንዳስለመደችው ግን በምግብ ላይ የደረሰን ሰው፣ ጠላትም ቢሆን፣ ሳይጋብዙ መብላት ነውር ነውና፣ ብድግ ብሎ ከኮቱ ላይ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀ።

«ኖር፣ እንብላ።»

እንዲህ የተባለ ሰው በእግዜር ይላል፤ ወይም ብሉ፣ ይባረክ ብሎ ያልፋል። ይሄኛው ምንም አላለም። እርምጃው ቆመ፤ ከዚያ አጠገቡ ኮቱ ሥር ያለው ጠጠር ከባድ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው ቀስ እያለ ሰመጠ። ዞረ። ማንም የለም። ኮቱ ላይ ግን ርጥበቱ ቁጭ ባለ ሰው መጠን እየሰፋ ነበር፤ ያ የእንስራ ሽታም አፍንጫው ሥር መጣ። ምሳ ዕቃውን አየ። እሱ ካልነካው በኩል፣ ከዳር፣ አንድ ጉርሻ ጎድሏል።

ወንድይፍራው ከኮቱ ላይ ዘሎ ተነሳ። ብቻውን ቢሆን እግሬ አውጪኝ ብሎ ግራሩ ጋ እስኪደርስ ባልቆመ፤ ልጁ ግን ውሃ ውስጥ ናት። ጮክ ብሎ ጠራት። ድምፁ ሲወጣ ግማሹ የቀረ ያህል ቀጠነበት። ደግሞ ሞከረ፤ ከፊተኛው አነሰ። በዚያ መሀል ከኮቱ በኩል አንድ ነገር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሕሊና» አለ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ በሚወጣ ድምፅ። ትንሽ ቆየና እንደገና «ሕሊና» አለ፤ አሁን ለስለስ ብሏል። ሦስተኛው ላይ ድምፁ የራሱ የወንድይፍራው ነበር፤ እሷን ሲያባብል ጫፉ ላይ የሚያሳርፈው ልስላሴ ሳይቀር።

በልቶ፣ ጋባዡን እየወረሰ ነው። ወንድይፍራው ይህ ገባው፤ ሌላው ቀርቶበት አንድ ነገር ብቻ አሰበ፤ ልጄ አቤት ብላ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ልድረስባት። ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገባ። ቅዝቃዜው እስከ አጥንቱ ዘለቀ፤ ጉልበቱን አለፈ፣ ወገቡን አለፈ፣ ደረቱ ላይ ደረሰ። ጀርባዋ እዚያው ነው፤ ቱቦው እዚያው ነው፤ ትንፋሹም ይሰማል። አስካለ ሆይ እርጂኝ እያለ፣ መሬቱን በእግሩ ጣት እየዳሰሰ ቀረባት። ትከሻዋን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ፣ ልጁ የመሰለችው ነገር በጣቶቹ መሀል እንደ ድፍርስ ውሃ ፈሰሰችና ቁልቁል ወደ ጥቁሩ ወረደች። መሬቱም ከእግሩ ሥር አለቀ።

አልሰጠመም። ውሃው አገጩ ድረስ ውጦ ያዘው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልለቅ አለው። እንደምንም አንገቱን ወደ ዳርቻው አዞረ። ሕሊና ከትልቁ ድንጋይ ወዲያ ማዶ ወጥታ፣ መነጽሯን በእጇ አንጠልጥላ፣ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ በጠጠሩ ላይ ትመጣለች። ደህና ናት፤ ምንም አልሆነችም። ኮቱ ላይ ደግሞ እንደሱ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ መሀል አናቱም እንደሱ የተመለጠ ሰው ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ቁጭ ብሏል።

«አባዬ፣ ጠራኸኝ?» አለች፤ አጠገቡም ተቀመጠች።

ሰውየው ጠቅልሎ አጎረሳት። አንድ ያጣላል እያለች፣ እየሳቀች ሁለተኛውንም ተቀበለች። ወንድይፍራው ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ፤ ከአፉ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሕሊና ማላመጧን ተወችና ቀና ብላ በቀጥታ ወደ እሱ አየች፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፣ ልቡም ተርፌያለሁ አለ።

«አባዬ፣ እዚያ ውሃው ውስጥ ሰው ያለ መሰለኝ።»

ሰውየው ሳይዞር አፉን ጠረገ፤ ኮቱን አንስቶ ለበሰ፤ እጇንም ይዞ አስነሳትና፣ በወንድይፍራው ድምፅ፣ «ማንም የለም ልጄ፤ በይ አሁን ወደ ቤታችን እንሂድ፣ መንገዱን አንቺ ታሳዪኛለሽ» አላት።