ለእነሱ ይቅደም

የጭሮ ሜዳ ቀበሌ ሸንጎ ዛሬ ሰው አይደለም፤ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተገጠመ፣ የነዋሪውን ቃል እየሰማ የሚወስን ማሽን ነው። ሥልጣን ከዋና ከተማ ወደ ቀበሌ ከወረደ ወዲህ ለየቀበሌው አንድ አንድ ደርሶታል። የዚህኛው ተቆጣጣሪ አንሻ ናት። ጠዋት ጠዋት ዱቄቱን እያራገፈችለት "እንዴት አደርክ?" ትለዋለች። እሱም "ይመስገን" ይላል፤ ያስተማረችው እሷው ናት።

ያን ቀን የሚወሰነው የጤዛ ለቃሚው ጉዳይ ነበር፤ ከአየር ላይ ውኃ የሚያወጣው መሣሪያ። የደረሳቸው አንድ ብቻ ነው። ወንዙ ከደረቀ ወዲህ ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም ውኃ የሚያመጣው ከሩቅ፣ በአህያ ነው። የት ይተከል?

የላይ ሰፈሩ ጋሽ ይማም ተነሡ። "እኛማ ምን ጎደለብን! ለታቾቹ ይቅደም።"

የታች ሰፈሯ እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ኧረ በሞቴ! ለላዮቹ ይቅደም፤ እኛ እንደምንም እንሆናለን።"

ከዚያማ ማን ያቁመው! ሰው ሁሉ እየተነሣ ለጎረቤቱ ለቀቀ።

ሸንጎው ወሰነ። "ፈላጊ የለም። መሣሪያው ወደ ዋና ከተማ ይመለሳል።"

ሁሉም ክው አለ። ግን "እኔ እፈልጋለሁ" የሚል ጠፋ፤ ይሉኝታ አፋቸውን ያዘው። አንሻ ግን ውኃ ፍለጋ የሚንከራተቱት እናቷ ታወሷትና አላስችል አላት።

"ወይ አንተ ጅል!" አለችው ሸንጎውን። "ሰው ስለ ራሱ ተጠይቆ ችግሩን ይናገራል? ስለ ጎረቤታቸው ጠይቃቸው እንጂ!"

ጠየቀ። ያኔ ጉድ ፈላ። እትዬ ደብሪቱ የጋሽ ይማም ባለቤት ወገባቸውን ታመው ውኃ ማምጣት እንዳቃታቸው ተናገሩ። ጋሽ ይማም ደግሞ የእትዬ ደብሪቱ ላም ከጥም ብዛት ነጥፋ የልጅ ልጆቻቸው ወተት ማጣታቸውን። ሸንጎው ሁሉንም ሰምቶ መሣሪያው በሁለቱ ሰፈር መሐል እንዲተከል፣ ውኃው ለሁለቱም በቧንቧ እንዲዳረስ ወሰነ። አንሻ በደስታ አለቀሰች።

በዓመቱ ከዋና ከተማ ተደወለ። ለአንድ ሸንጎ የሚበቃ አዲስ አእምሮ ተገኝቷል። አንሻ ልቧ ዘለለ፤ የእሷው ማሽን አርጅቶ፣ የጠዋት ሰላምታዋን እንኳ መርሳት ጀምሮ ነበር። "ትፈልጋለህ?" ብለው ራሱን ጠየቁት።

"እኔማ ምን ጎደለብኝ!" አለ ሸንጎው። "ለጎረቤት ቀበሌው ይቅደም።"

አንሻ ከት ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

"አትስሙት" አለቻቸው። "ስለ እሱ እኔን ጠይቁኝ።"