በመታጠፊያው ላይ የተሰማው ደወል

ፊንታን ከዳገቱ መታጠፊያ ላይ፣ ራሱ ከድንጋዩ አጥር ተላትሞ ሞቶ ተገኘ። አምና በዚሁ የግንቦት ቀን ጓደኛው ዶናል የሞተውም እዚያው ነበር። ሦስቱ ወዳጆች በየዓመቱ የሊትሪምን አውራጃ በብስክሌት ሊያቋርጡ የተማማሉት እሱን ለማሰብ ነው።

ሳጅን አትራክታ ከሬሳው ይልቅ ብስክሌቱን ስታይ ቆየች። መሪው በጭቃ ተለውሷል፤ አንድ ነገር ታስሮበት የነበረው ቦታ ብቻ ንጹሕ ነው። ካቴናው ከኋላ የትኛው ጥርስ ላይ እንዳለም አየች።

ሁለቱ ጓደኞቹ ባረፉበት በወይዘሮ ኮንሴፕታ ቤት ሻይ ቀርቦላቸዋል፤ የጠጣ ግን የለም።

«ቁልቁለቱን እንደ እብድ እየጋለበ አለፈኝና ተላተመ» አለ ማላኪ።

«አንቺስ?» አለች አትራክታ።

የዶናል እኅት ዴርቭላ ቀና አላለችም። «ከላይ ሆኜ የተነፈሰ ጎማዬን ስጠግን ደወል ሰማሁ። የዶናልን የብስክሌት ደወል።»

«ዓመት ሙሉ እንደሰማች ነው፣ ምስኪን!» አለ ማላኪ።

«በሞተበት ቀን የብስክሌቱን ፍሬን ያጠበቅሁለት እኔ ነኝ። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው የሚጠራኝ» አለች ዴርቭላ።

ወይዘሮ ኮንሴፕታ በድንገት ማላኪ ላይ ጮኹ። «አንተ ሰውዬ! ያንን ነጭ አበባ ከእጅጌህ አራግፍ! እሱን ቤት ውስጥ አስገብተህ ሞት ልትጠራብኝ ነው?»

አትራክታ ብድግ ብላ ወጣች። ስትመለስ እጇ ተቧጭሮ ነበር።

«ማላኪ፣ የፊንታን ካቴና ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ነው። በእሱ ዳገት ይወጡበታል እንጂ ቁልቁለት አይጋልቡበትም። ወርዶ ነበር፤ ግን ወደ ዴርቭላ ተመለሰ።»

«ምን ፍለጋ?»

«የሚሰጣት ነገር ነበረው። መሪው ላይ አስሮ፣ እየደወለላት ሲመጣ መታጠፊያው ላይ ጠብቀህ ገፈተርኸው፤ ፈትተህም ወሰድህበት።»

ማላኪ ሳቀ። «የታለ ታዲያ ደወሉ?»

«የአገራችን ሰው እጁን የማይሰድበት ቦታ። መንገዱ ላይ ያለው ዛፍ መናፍስት ያደሩበት የሚባለው ያ ባለ እሾሁ ብቻ ነው፤ እጅጌህ ደግሞ የእሱን ነጭ አበባ ለብሶ ገባ። እኔም እጄን ስሰድ አማትቤ ነው።»

የተጨረማመተ ደወል ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጎኑ ላይ ቀይ ቀለም ተጣብቆበታል። ውጭ የቆመው የማላኪ ብስክሌትም ያው ቀይ ነው።

«አምና ዶናልን ገፍትረህ ጣልኸው። ፊንታን ይህን የዶናልን ደወል ከወደቀበት አንስቶ ዓመት ሙሉ ሸሸገልህ። ዛሬ ግን ኅሊናው አላስቀመጠውም።»

«ልቅደመው ብዬ ነው እንጂ...» ማላኪ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ዛሬም ፊንታንን ዝም በል ነው ያልኩት። እምቢ አለኝ።»

ዴርቭላ እሱን አልሰማችውም። «ፍሬኑስ?»

«ፍሬኑማ ደህና ነበር፣ የኔ ልጅ» አለቻት አትራክታ።

ዴርቭላ ደወሉን አንስታ አንዴ ደወለችው። ድምፁ ጎርናና ነበር። «ዛሬ የሰማሁት ይሄ ነው» አለች። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ግን ጥርት ያለው ድምፅ ነበር። ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አዘንብላ ያንን ጠበቀች።

አልመጣም። ያን ጊዜ አለቀሰች።