የላንድሮቨሩ ሁለተኛ ታንክ

በ1977 ዓ.ም. አሰብ ዙሪያ ዝናብ አልጣለም። ባለፈውም ዓመት አልጣለም። የአፋሮቹ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ደረቁ። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ። ቀጥሎ ፍየሉ። በመጨረሻ ግመልም መውደቅ ጀመረ። በከተማው የሚጠጣ ውሃ በቦቴ እየመጣ ለአንድ ቤት በቀን አንድ ጀሪካን ይታደል ነበር። ነዳጅ የሚጣራበት ከተማ ነውና ከውሃ ናፍጣ ማግኘት ይቀላል ይባል ነበር። እውነትም ነበር።

ሰኔ እንደገባ አንድ አፋር የጠፋ ግመል ሲፈልግ ከራሔይታ በስተምዕራብ፣ ጥቁር ድንጋይ በሞላበት ሜዳ ላይ ላንድሮቨር ቆሞ አየ። ኮፈኑ ተከፍቷል። በመኪናው ጥላ ሁለት ሰዎች ተኝተዋል። ተጣራ። አልመለሱለትም።

አንደኛው ሾፌሩ አበጀ ነበር። ሌላው መሐንዲሱ ዓለሙ። ጉድጓድ ከሚያስቆፍረው መሥሪያ ቤት ከወጡ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸዋል። የገደላቸው ውሃ ጥም ነው።

ሬሳውን ሊያነሣ የሄደው ሃምሳ አለቃ በዛብህ ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ያያል። ሁለቱም የነዳጅ ታንኮች ባዶ ነበሩ። የውሃ ጀሪካኖቹም ባዶ። የናፍጣው ማጣሪያ ተፈትቶ ጨርቅ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። ከአበጀ እጅ አጠገብ አንድ ጣሳ ወድቋል። ጣሳው ውስጥ ነጭ ነገር ደርቆበታል።

«የዱቄት ወተት ይሆናል» አለ አብሮት የመጣው ወታደር።

በዛብህ ጣሳውን በመሐረብ ጠቅልሎ ያዘው።

ላንድሮቨሩን በካሚዮን ጎትተው አሰብ አገቡት። ሲመረመር ከኋላ ያለው ሁለተኛው ታንክ ከብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ይህ ታንክ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው አይደለም። ሩቅ ለሚሄዱ መኪኖች አሰብ ውስጥ ከላሜራ እየቀጠቀጠ የሚገጥምላቸው አንድ ሰው ነው፤ የወሎው በያጅ ዘይኑ።

ዘይኑ በዚያው ቀን ታሰረ።

«ነገሩ አለቀ» አለ የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ፍቃዱ። «ታንኩ ተሰነጠቀ፣ ናፍጣው ፈሰሰ፣ ሰው ሞተ። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ሪፖርቱን ፈርመህ አምጣ። ዓርብ አውሮፕላን አለ፣ አሥመራ እንልከዋለን።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ጓድ ሻምበል።»

«ታዲያ ለአንድ ፊርማ ሦስት ቀን አነሰህ?»

በዛብህ ያልተፈረመውን ወረቀት ይዞ ወጣ። ከሰባት ዓመት በፊትም እንዲሁ ፈርሟል። ያኔ የወደብ ፓምፕ ቆመና መካኒኩ ኃይለጊዮርጊስ አሻጥረኛ ተባለ። በዛብህ ሪፖርቱን በእጁ ጻፈ። ሰውየው ተወሰደና ተረሸነ። ከወር በኋላ ፓምፑ ሲፈታ ውስጡ በዕድሜ ያለቀ ብረት ተገኘ። ማንም ምንም አላለም። በዛብህም አላለም።

ወደ እስር ቤቱ ገባ። ዘይኑ ከግድግዳው ተጠግቶ ቁጢጥ ብሏል።

«ታንክህ አፈሰሰ ይላሉ።»

«ወላሂ አላፈሰሰም! ውሃ ሞልቼ፣ ሁለት ቀን ሰቅዬ፣ አንዲት ጠብታ ካየሁ ነው የምፈታው። አበጀ ራሱ ነበር ቆሞ የሚያየኝ። ‹ዘይኑ፣ ይህን ታንክ ከሚስትህ አብልጠህ ትጠብቀዋለህ› እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

«ስንጥቁ ታዲያ?»

«ወስደው ያሳዩኝና ልንገርዎ። ካላመኑኝ እጄን እንደታሰረ ይውሰዱኝ።»

ወሰደው። ዘይኑ ላንድሮቨሩ ሥር በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። ብዙም አልቆየ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይምጡ፣ እዚህ ይግቡ።»

በዛብህ ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኑ ተኛ።

«ናፍጣ አቧራ ይይዛል። ታንክ ካፈሰሰ ሆዱ በሙሉ ጭቃ ለብሶ ነው የሚመጣው። ይህን በጣትዎ ይንኩት።»

በዛብህ ነካው። የታንኩ ሆድ ደረቅ አቧራ ብቻ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።

«ይህ ሲጎተት ድንጋይ የመታው ነው። የትናንት ቁስል ነው።»

«ናፍጣው የት ሄደ?»

ዘይኑ ከታንኩ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ፈታው። ላልቶ ነበር፤ የፈቱት ሟቾቹ ናቸው። የቡሎኑን ጥርስ ነጭ ነገር ሞልቶታል። ዙሪያውም አዲስ ዝገት አለ። በዛብህ ነጩን በጣቱ አንሥቶ ቀመሰው። ከዚያ መሐረቡን ፈትቶ ጣሳውን ቀመሰ።

ጨው ነው። የአንድ ባሕር ጨው።

ዘይኑ ፊቱ ተለወጠ። «ያረቢ! ከታንኩ ቀድተው ሊጠጡ ሞክረዋል።»

በማግስቱ በዛብህ ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሄደ። ግቢው ከባሕሩ ዳር ነው። የነዳጅ መጋዘኑ ኃላፊ ንዋይ ካኪው የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተቃና ሰው ነበር። በር ላይ ተቀበለው።

«ታንክ የሚሞላው ማነው?» አለ በዛብህ።

«እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ ቁልፍ ያለው የለም።»

«የአበጀን መኪና ሞልተሃል?»

«ሁለቱንም ከአፍ እስከ ገደፉ። አበጀ ራሱ በዘንግ ለካው።»

እውነት ነበር። ሁለተኛው ታንክ የሚታይ መለኪያ የለውም። ሾፌሮች ረጅም ዘንግ እስከ ታች ከትተው ያወጣሉ። እርጥቡ እስከ ላይ ድረስ ከመጣና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ሞልቷል ብለው ይሄዳሉ። ሁሉም የሚያደርጉት እንዲሁ ነው።

«ሌሎቹ መኪኖችስ?»

«እነዚያ ሁለቱ ሞልተው ነው የቆሙት። ይለኩ እንጂ፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ።»

በዛብህ ዘንጉን አንሥቶ ወደ አንደኛው መኪና ሁለተኛ ታንክ ሄደ። ከተተ። አወጣ። እስከ ላይ እርጥብ ነው፣ ናፍጣ ይሸታል።

«አዩ?» አለ ንዋይ።

በዛብህ ዘንጉን አስቀምጦ ቁልፍ አወጣ። አሸዋው ላይ ተንበርክኮ የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ።

የፈሰሰው ውሃ ነበር። ለረጅም ጊዜ ውሃ ብቻ ፈሰሰ። ናፍጣው ከላይ የተኛ ነውና መጨረሻ ላይ መጣ። ሁለተኛውንም መኪና ፈታ። ያው ነው። በመዳፉ ተቀብሎ ቀመሰ፤ ተፋው።

«ቅመስ» አለው ንዋይን።

ንዋይ አልቀመሰም። በርሜል ላይ ተቀመጠ።

«ናፍጣውን ለማን ሰጠህ?»

«ለጀልባ ሰዎች።»

«በምን?»

«በሬዲዮ፣ በሽቶ፣ በጨርቅ። አዲስ አበባ እልከዋለሁ፣ ወንድሜ ይሸጠዋል። ቤት እየሠራን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና። ማንንም አልጎዳሁም! መኪኖቹ ቅርብ ደርሰው ይመለሳሉ። ሁለተኛውን ታንክ ነክቶ የሚያውቅ ሾፌር የለም። ሲመለሱ ያው እንደ ሞላ ነው። የቅርቡ ጉድጓድ ደርቆ፣ የሚቀጥለውም ደርቆ፣ እስከዚያ ሜዳ ድረስ ይሄዳሉ ብዬ በምን ልጠርጥር?»

«እነሱ ጉድጓድ ፍለጋ ነው የሄዱት። ድርቁን አንተ አላየህም?»

ንዋይ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

«ለምን የባሕር ውሃ ጨመርህ?»

«ሌላ ከየት ላምጣ? የሚጠጣው በራሽን ነው። ለቤቴም አይበቃኝም።»

በዛብህ ቡሎኑን መልሶ አጠበቀ።

«የሚጠጣ ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «ሞተሩ ይቆም ነበር፣ እነሱ ግን ጠጥተው ይቆዩን ነበር። አፋሩ በሕይወት ያገኛቸው ነበር።»

ንዋይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሐሙስ ጠዋት ሻምበል ፍቃዱ በዛብህ የጻፈውን አዲስ ሪፖርት ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ንዋይ የፓርቲ አባል መሆኑን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«በያጁ ላይ ብትፈርም ሁላችንም እናርፍ ነበር።»

«አልፈርምም፣ ጓድ ሻምበል። ከፈለጉ እኔንም ዓርብ ይላኩኝ። የታንኮቹን ውሃ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሾፌሮች ቀምሰውታል። ወደቡም ሰምቷል።»

ሻምበሉ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ብዙ ጊዜ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ፈረመ።

ዘይኑ ተፈታ። በር ላይ የበዛብህን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ። በዛብህ እጁን ነጠቀው።

«ተው። ለአንተ ብቻ አይደለም።»

ወደ ቤቱ አልሄደም። በሠራተኞች ሰፈር አቋርጦ፣ የኃይለጊዮርጊስ ሚስት ትሩፋት ልብስ ወደምታሰጣበት ግቢ ገባ። ሰባት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ሲያያት ወደ ማዶ ይሻገር ነበር።

«ባልሽ ንጹሕ ነበር» አለ እንደ ቆመ። «ፓምፑ አርጅቶ ነው የቆመው። አሻጥረኛ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከወር በኋላ እውነቱን አውቄ ዝም አልኩ።»

ትሩፋት የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ አስጥታ ጨረሰች። እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

«እኔ አውቀው ነበር» አለች። «ልጆቼ ግን በየትምህርት ቤቱ የአሻጥረኛ ልጅ ናቸው። አንተ ያን ጊዜ በአፍህ አይደለም የገደልከው።»

ቤት ገብታ የልጇን ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ከመሀሉ አንድ ሉክ ቀድዳ ሰጠችው።

«ጻፈው።»

እንዲህ ያለ ወረቀት በሰው እጅ ሲገኝ ምን እንደሚያስከትል በዛብህ ያውቃል። ደፉ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ጻፈ። ቀኑን አደረገበት። ስሙን ከነአባቱ፣ ማዕረጉንም ጨምሮ ፈረመ።

ትሩፋት ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ አጠፈችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«አሁን ሂድ» አለችው።