መንጠቆ ያልነካቸው አሳዎች

የሰዲቅ አስከሬን ጀውሃ ወንዝ ውስጥ፣ ከብት ከሚጠጣበት መልካ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ግንባሩ ተፈንክቷል።

በዚያው ቀን ሸዋ ሮቢት ተቀበረ። እናቱ ሂዳያ አላለቀሰችም። የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ ልጄን ማን ገደለው እያለች ትጠይቃለች።

ሰዲቅ አሳ ማጥመድ የሚያውቀው በሮቢ ወንዝ ነበር። ወደ ጀውሃ እንሂድ ያለው ጓደኛው ጁነይድ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጠራ አጥማጁ ዳር ለዳር እንደሚኮለኮል ስለሰሙ፣ በየት እንደሚወርዱና የቱን ቦታ ቀድመው እንደሚይዙ በሂዳያ ግቢ ሲመክሩ ሰነበቱ። እሷ የማታውቁት ውሃ ጥልቁ አይታወቅም ብላ ፈራች። ሰዲቅ ሳቀባት።

«እማ፣ እዚያ ሰው ከአሳው ይበዛል። ብወድቅ ይረግጡኛል እንጂ አልሰምጥም።»

አብዱልፈታህ የሚባል የጀውሃ አጥማጅ ተያዘ። ጠዋት ቦታዬን ቀማኸኝ ብሎ በሰዲቅ ላይ ዱላ ሲያነሳ ብዙ ሰው አይቶታል። ጁነይድም ትል ልቆፍር ሄጄ ስመለስ ሰዲቅን አጣሁት ብሎ ለመርማሪው ለኢንስፔክተር ይልማ ቃሉን ሰጠ። የሰፈሩ ጎረምሶች የአብዱልፈታህን ወንድሞች ፍለጋ ሊወርዱ ተሰባሰቡ። ሂዳያ ይህንንም ሰማች። ያለ ጥፋቱ ሰው ቢሞት የሚሞተው በልጇ ስም ነው።

ጁነይድ ለቅሶ ሲደርስ በማዳበሪያ ከረጢት አሳ ይዞ መጣ። ሰዲቅ በመንጠቆ የያዘው ነው፣ ለእናቴ ብሎ ያስቀመጠው ነው አላት።

ሂዳያ ልጇ አሳ ባመጣ ቁጥር የቀረ መንጠቆ እንዳይኖር አፉን ከፍታ ታይ ነበር። አሁንም እንደ ልማዷ የአንዱን አሳ አፍ ከፈተች። ከንፈሩ አልተቀደደም። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ሌላውንም። ሁሉም ደህና ናቸው።

ከረጢቱን ታቅፋ በባጃጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

ይልማ አሳዎቹን እያገላበጠ መረብ ይዘው እንደነበር ጠየቃት። አልያዙም አለችው።

«ብርብራ ነው» አለ።

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን አሳው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ክልክል ነው፤ ያንን ውሃ ከብትም ሰውም ይጠጣዋል። ይልማ ከጠቡ በኋላ አብዱልፈታህን መልካው ላይ አይተነዋል ያሉትን ሰዎች እንደገና አስጠራ። ሁሉም ወደ ላይ ሳይወጣ እዚያው ዋለ ብለው በቃላቸው ጸኑ። ከዚያ ጁነይድን አስመጣው።

«ሰዲቅ አሳውን በምን ያዘው?»

«በመንጠቆ።»

«የቱ ጋ ነው የተወጋው? አሳየኝ።»

ጁነይድ አንዱን አንስቶ አፉን አየ። መልሶ አስቀመጠው።

«ብርብራውን ማን ወቀጠው?»

«እኔ።»

ቀሪውን ሳይጠየቅ ተናገረ። መንጠቆ የሚጥሉበት ቦታ ጠፋ። ወንዙን ሽቅብ ከሰው ሁሉ በላይ ወጥቶ ደብቆ የያዘውን ብርብራ በተነ። ሰዲቅ ታች ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች አይቶ ሊያስጠነቅቃቸው ሮጠ። ቢጮህ ሕዝቡ ጁነይድን በዱላ ይጨርሰው ነበር። ጁነይድ የሰዲቅን ሸሚዝ ያዘ፤ ተናነቁ፤ ገፈተረው። ሰዲቅ ድንጋይ መታውና ጥልቁ ውስጥ ገባ።

ሂዳያ ከጥግ ሆና ሰማች። ይልማን አየችው። ራሱን ነቅንቆ እንድትጠይቅ ፈቀደላት።

«ጁነይድ፣ ሲሰምጥ ተጣራ?»

«አዎ እትዬ።»

«ማንን?»

«እኔን።»

«አንተስ?»

ጁነይድ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ከተተ።

«አሳው ተንሳፍፎ ነበር» አለ። «እሱን እለቅም ነበር።»