አንዲት መስመር በደብዳቤው ግርጌ

ኮራ ዴላኒ ሩበን ሃልፐርንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው፣ ለስድስት ዓመት ልጅ በተሠራች ወንበር ውስጥ ተሰክታ መነሳት ባቃታት ሰዓት ነበር።

ጊዜው ጥቅምት ነው። ማንሃተን ውስጥ ጥቅምት ሲገባ የወላጅ መከራ ይጀምራል። የጫማዋን ክር ማሰር የማትችል የአራት ዓመት ልጅ ይዘው እናትና አባት ከአንዱ የግል ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ይንከራተታሉ። ያን ቀን ሃያ ያህል ወላጆች ብራምሊ የተባለውን የሴቶች ትምህርት ቤት ሊጎበኙ መጥተው፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ አረፍ በሉ ተባሉ። ብልጦቹ ቆመው ቀሩ። ኮራ ግን ተቀመጠች፤ ተቀምጣም ቀረች።

«አይዞዎት፣ ይቺ ወንበር በየሳምንቱ አንድ ሰው ትይዛለች» አለ አስጎብኚው። ወንበሯን በአንድ እጁ፣ ኮራን በሌላው ይዞ አላቀቃት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

አስጎብኚው ራሱ ወላጅ ነው። እዚያ ልጅ ያላቸው ወላጆች ናቸው በተራ እንግዳ የሚያስጎበኙት። የዓይን ሐኪም ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሴት ልጁ ናኦሚ ሁለተኛ ክፍል ናት። ይህን ሁሉ ኮራ በኋላ ነው የሰማችው። በዚያች ሰዓት ያየችው ሰፊ ትከሻና የደከመ ፈገግታ ብቻ ነበር።

«ጥያቄ ያለው?» አለ ሩበን።

«ከዚህ የጨረሱ ልጆች የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የሚገቡት?» አለ አንድ ከረባት ያሰረ አባት።

«የእርስዎ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት።»

«እንግዲያው እስኪ መጀመሪያ ጡጦዋን ትጣል» አለ ሩበን። ሰው ሳቀ፤ ሰውየው አልሳቀም።

ኮራ እጇን አወጣች። «ልጅ እዚህ ስታለቅስ... ማን ነው የሚያቅፋት?»

ከረባት ያሰረው አባት ዞር ብሎ አያት።

«እናቷ የሞተች ሳምንት ልጄን የሒሳብ መምህርቷ ናት ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያስተማረቻት» አለ ሩበን። «አንድ ሳምንት ሙሉ። ሌላው ጉብኝት እንኳ ባይገባችሁ ይቺን ያዙልኝ።»

ኮራ ሁለቱንም የወደደችው ያን ጊዜ ነው፤ ትምህርት ቤቱንም፣ ሰውየውንም።

ምክንያት አላት። የእሷ ልጅ ዊላ ቤት ውስጥ እንደ ሬዲዮ ናት፤ ሲያጠፏትም አትጠፋ። ከማታውቀው ሰው ፊት ግን አንዲት ቃል አትወጣትም። አባቷ ሳትወለድ የሄደ ሰው ነው። አራት ትምህርት ቤቶች ጠርተው አይተዋታል፤ አራቱም ዝምታዋን አይተው «እናሳውቃችኋለን» ብለው ሸኝተዋል። የቀረው ብራምሊ ብቻ ነው። ኮራ ቀኑን ሙሉ በጥርስ ክሊኒክ የሰው ጥርስ ስታጥብ ትውልና፣ ማታ ዊላን አስተኝታ ጣሪያ ላይ ታፈጣለች። «ልጄን ማን ይሰማታል?» ትላለች።

ሩበን በሳምንቱ ስልክ ደወለ።

«ስለ ወንበሯ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እርስዎ ምን አጠፉ?»

«መጀመሪያ ነገር "አንተ" በይኝ። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ፓርክ እንሂድ።»

ሄዱ። ናኦሚ ዊላን አየቻትና «አትናገርም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «ስትፈልግ ትናገራለች» አለች ኮራ። ናኦሚ ትከሻዋን ነቀነቀችና ስለ ዳክዬዎቹ ለብቻዋ ታወራ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል ካወራች በኋላ ዊላ «ያ ትልቁ ክፉ ነው» አለች። ኮራ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ሩበን መሀረቡን ሰጣት እንጂ ምንም አልጠየቃት።

ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲህ አለፉ። ቅዳሜ ቤግል የሚሉት ትኩስ ቀለበት ዳቦ፣ እሑድ የናኦሚ የበረዶ ሸርተቴ። አንድ ቀን ሩበን የልቡን ቁስል አጫወታት።

«ሚስቴ የሞተችው ጠዋት ነው። ለናኦሚ ራሴ ልነግራት ወደ ትምህርት ቤት እየሮጥኩ... ቀደሙኝ። አንዲት የክፍሏ ልጅ ኮሪደር ላይ "እናትሽ ሞተች አሉ" አለቻት። ስደርስ ቆማ አገኘኋት። አላለቀሰችም፣ ምንም። ያን ቀን ማልኩላት፣ ኮራ። "ስለ ቤታችን ጉዳይ ከእንግዲህ ከሰው አፍ አትሰሚም" አልኳት።»

ኮራ እጁን ይዛ ሰማችው። ስለዚህ አላወቀችም አይባልም።

ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ኮራ በምትኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ካልሲ ያጣምራሉ። ሩበን የዊላን ትንሽ ካልሲ ይዞ ቀረ።

«እስከ መቼ ነው በሁለት ቤት ልብስ የምናጥበው?»

«ይሄ ጥያቄ ነው ወይስ ስንፍና?»

«ሁለቱም ነው። አግቢኝ።»

«እሺ» አለች። «እሺ፣ እሺ!»

ሰርጉ ሰኔ ላይ ይሁን አሉ። ለናኦሚ ግን በወሩ መጨረሻ፣ ተራራማ አገር ወዳለችው፣ ወደምትወዳት አያቷ ዘንድ ሲሄዱ፣ ሩበን ራሱ በእርጋታ ሊነግራት ተስማሙ። እስከዚያ ለማንም ላይናገሩ።

ሰኞ ጠዋት የዊላ መዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ ወይዘሮ ፔትራክ ደወሉ። በዚያ ከተማ የመዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ ሥራዋ ማስተማር ብቻ አይደለም፤ ለየትምህርት ቤቱ እየደወለች ልጆቹን መዳርም ነው።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «ባለፈው ብራምሊ ሲያዩዋት ዊላ ጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣችም።»

«አውቃለሁ።»

«እህት ያላቸው ልጆች ቅድሚያ አላቸው። እነሱ ከገቡ በኋላ የሚቀረው ስድስት ወንበር ነው። ለስድስት ወንበር መቶ አርባ ልጅ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የአንደኛ ምርጫ ደብዳቤሽ ዛሬ መግባት አለበት። ጥሩ አድርገሽ ጻፊው።»

ያ ደብዳቤ እንደ ቃል ኪዳን ነው። ወላጅ ከትምህርት ቤቶች ሁሉ ለአንዱ ብቻ «ምርጫችን እናንተ ናችሁ፣ ከተቀበላችሁን እንመጣለን» ብሎ ይጽፋል። ለሁለት የጻፈ ሰው ስሙ በከተማው ይጠፋል። ኮራ በሁለት ታካሚ መሃል፣ ጓንቷን አውልቃ፣ በክሊኒኩ ኮምፒውተር ጻፈች። አነበበችው፤ የመቶ አርባ እናት ደብዳቤ ነው። ሁሉም ልጅ «ጠያቂ» ነው፤ ሁሉም ልጅ «ርኅሩኅ» ነው። ዊላ ጠረጴዛ ሥር ተኮራምታ ታየቻት። ከግርጌ አንዲት መስመር ጨመረች፦

«ዊላ በሰኔ ወር የናኦሚ ሃልፐርን እህት ትሆናለች።»

ጣቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብትል ውሸት ነው። አውቃ ነው የጻፈችው። ላከችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የትምህርት ቤቱ የቅበላ ኃላፊ ወይዘሪት ኦስግድ ደግ ሴት ናቸው፤ ጉዳቱም የመጣው ከደግነታቸው ነው። ሐሙስ ጠዋት ሩበንን ከናኦሚ ጋር ኮሪደር ላይ አገኟቸውና እጃቸውን ዘረጉ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! ናኦሚ፣ እህት ልታገኚ ነው አሉ!»

ናኦሚ አባቷን ቀና ብላ አየችው። አላለቀሰችም፣ ምንም።

ማታ ሩበን የኮራን በር አንኳኳ። ካፖርቱን አላወለቀም።

«ቅዳሜ ነው "አግቢኝ" ያልኩሽ።»

«ሩበን...»

«ሰኞ ነው የጻፍሽው። ሁለት ቀን! እኔ ያን ሁለት ቀን መንገድ ላይ ለብቻዬ እየሳቅሁ ስሄድ ነበር። አንቺ ለካ ሥራ ላይ አውለሽዋል።»

«አንተን ለዚያ ብዬ አይደለም የወደድኩህ! በፈጠረህ...»

«ናኦሚ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? "እንደገና ከሰው ሰማሁ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም። እራቷን አልበላችም።»

ኮራ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አጠፋሁ» አለች። «ፈርቼ ነው። ልጄን ማንም አይሰማትም ብዬ...»

«የኔንስ ልጅ?»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ። ቢያላትመው ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ወደ ወይዘሪት ኦስግድ ቢሮ ገባች። ሌሊቱን አልተኛችም፤ ዓይኗ አብጧል።

«ያቺን የመጨረሻ መስመር ሰርዙልኝ። ካልሆነም ማመልከቻዬን መልሱልኝ። በሱ ስም ቦታ አልፈልግም።»

ወይዘሪት ኦስግድ ብዙ አዩዋት። ተነስተው በሩን ዘጉ።

«ይህን መናገር የለብኝም» አሉ። «የኮሚቴው ስብሰባ ያለፈው ዓርብ ነበር፤ ከደብዳቤሽ በፊት። ልጅሽ ጠረጴዛ ሥር ስትቀመጥ፣ አንዲት የምታለቅስ ልጅ ወደሷ ገባች። ዊላ የያዘችውን ብርድ ልብስ ገልጣ ግማሹን አለበሰቻት። አንድም ቃል ሳትናገር። ከስድስቱ መጀመሪያ የተጻፈው ስም የሷ ነው።»

ኮራ አፏን ያዘች።

«ደብዳቤሽን ያነበብኩት ለደስታዬ ነው እንጂ ለውሳኔ አልነበረም። ለሩበን ግን ልነግረው አልችልም። የኮሚቴ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። አንቺም ብትነግሪው ማስረጃ የለሽም። አሁንም ማመልከቻው ይመለስ ካልሽ እመልሳለሁ።»

ማመልከቻው የሚመለስበትን ወረቀት ከፊቷ አስቀመጡት። አንዲት ፊርማ ነው የሚፈልገው። ብትፈርም ሩበን ያምናታል፤ ይቺ ሴት የወደደችኝ ለቦታው አይደለም ይላል። ዊላ ግን ያን አንድ የተከፈተላትን በር ታጣለች፤ ያውም በራሷ እጅ፣ በዝምታዋ የከፈተችውን። ኮራ እስክሪብቶውን አነሳች። ረጅም ጊዜ ያዘችው። ከዚያ አስቀመጠችውና ወጣች።

የቅበላው ደብዳቤ በየካቲት መጀመሪያ ደረሰ። «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ኮራ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ለቅሶ ቤት አለቀሰች።

በሳምንቱ ሩበን ጠራት። ሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ክስት ብሏል።

«ገባች አሉ።»

«ገባች። ከደብዳቤው በፊት ነው የተመረጠችው። ማስረጃ የለኝም።»

«አምንሻለሁ» አለ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ጠዋት ስነሳ አምንሻለሁ። ማታ ናኦሚን ሳስተኛ ግን አላምንሽም። እንዲህ ሆኜ እንዴት ነው የማገባሽ?»

«ማመልከቻውን ልመልስ ሄጄ ነበር። አልቻልኩም።»

«ተይው አላልኩሽም እኮ።»

«ባትለኝም እንድተወው ጠብቀሃል።»

ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ። ያን ጊዜ እውነት መሆኑን አወቀች።

«ናኦሚን ጠየቅኋት» አለ ቆይቶ። «"ኮራን ይቅር እንበላት ወይ?" አልኳት። "አንተ ከፈለግህ፤ እኔ ግን ሁለተኛ አላምንህም" አለችኝ። አንቺን አይደለም፣ ኮራ። እኔን ነው።»

ኮራ ያን ጊዜ ልቧ ተቆረጠ። ከዚህ በኋላ ብትለምነው ከልጁ እየነጠቀችው ነው።

«ሂድ» አለችው። «እኔ ልጄን መርጫለሁ። አንተም ምረጣት።»

«እወድሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ሂድ።»

ሲለያዩ አንድ ነገር ብቻ ተነጋገሩ፤ ስለ በሩ። በመስከረም ሁለቱም ልጆቻቸውን ወደ አንድ በር ሊያመጡ ነው። እሱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ፣ እሷ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ሊመጡ ተስማሙ። ናኦሚ እስክትጨርስ አስር ዓመት ነው።

ዊላ ገባች። በኅዳር መምህርቷን «ሽንት ቤት» ብላ አናገረቻት፤ ከገና በኋላ ዝም በይ እስክትባል ድረስ ታወራ ጀመር። ኮራ በዚህ ደስታ ስታለቅስ አጠገቧ ማንም አልነበረም።

በመጋቢት ዊላ አተኮሳትና ሐሙስን ቤት ዋለች። ዓርብ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ሲደርሱ፣ የበሩ ጥበቃ ዶሎሬስ ኮራን ጠራቻት።

«ትናንት ቀረሽ አይደል?»

«ልጅቷ አሟት ነው። ምነው?»

«ዶክተር ሃልፐርን ልጃቸውን አስገብተው አልሄዱም። ባንቺ ሰዓት እዚያ ዛፍ ሥር ቆመው ነበር። ደወል ከተደወለ በኋላም ቆሙ። በረዶ እየጣለ! "ሰው እየጠበቁ ነው?" ብላቸው "ኧረ ማንንም" አሉኝ።»

ኮራ ዊላን ስማ አስገባቻት። እዚያው ቆማ ዛፉን አየች። ስልኳን አወጣች፤ ስሙን አገኘችው። ናኦሚ ታየቻት፤ ኮሪደር ላይ የቆመችው፣ ያላለቀሰችው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ መጣች። ዛፉ ሥር ሰው አልነበረም።